የፓርቲ እጅ ያልገባባት የሰፈር ወረቀታችን እንድትቀጥል የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ይድረስ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን ለምትኖሩ የዕድራችን አባላት፣ ከዚህ ተነሥታችሁ ኮንዶሚኒየም ለገባችሁ ጎረቤቶቻችን፣ እንዲሁም እዚህ አድጋችሁ ባሕር ማዶ ላላችሁ ልጆቻችን።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ የሦስት ቀን ለቅሶ አልቆ ድንኳኑን ነቅለን ወደ ዕድር ቤት እያስገባን ሳለ አንድ የፓርቲ ተጠሪ መጣ። ስሙንም ፓርቲውንም እኔ እዚህ አልጠራም። ጨዋ ልጅ ነው፤ በክፋት የመጣም አይመስለኝም። ወንበር ተሸክሞ አገዘንና ሲጨርስ ወደ ጉዳዩ ገባ። «ለኮፒ ቤት ይህን ሁሉ ብር ከምትከፍሉ እኛ ቢሮ ማሽን አለ። ወረቀቱንም ቀለሙንም እኛ እንችላለን» አለን። ደስ አለን፤ አልዋሽም። እኔማ በልቤ ብሩን ቆጥቤ ጨርሼ ነበር። የዕድራችን ዳኛ ግን «ታዲያ እኛ ምን እናድርግላችሁ?» ብለው ጠየቁት። «ምንም። ብቻ ከመታተሙ በፊት አንድ ጊዜ እንየው።»

ዳኛው የድንኳኑን ገመድ እየጠቀለሉ ነበር። ሳይጨርሱ ቀና አሉና «ልጄ፣ እኛ ድንኳን ስንተክል ሟቹ የየትኛው ፓርቲ አባል ነበር ብለን ጠይቀን አናውቅም። ወረቀቷም እንደዚያው ናት» አሉት። ልጁ ሳቀ፤ አመስግኖም ሄደ። እኛ ግን በማግስቱ የኮፒ ቤቱን ዕዳ ይዘን ቀረን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

ወረቀቷን ለማታውቁ ልንገራችሁ። አንዲት ኤ4 ናት፣ ፊትና ጀርባ፤ በወር አንዴ በ400 ቅጂ ትወጣለች። ፊቷ ላይ የፓርቲዎችና የወረዳ ወሬ አለ፦ ማን ስብሰባ ጠራ፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ነዋሪው ምን ጠየቀ፣ ምን ተመለሰለት። ጀርባዋ የሰፈሩ ነው፦ የውሃ ፈረቃ፣ የዕድር መዋጮ ቀን፣ ለ8ኛና ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የሚሰጥ ነጻ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ የጠፋ በግ፣ የተገኘ የቁልፍ ቀለበት። አብዛኛው ሰው ከጀርባዋ እንደሚጀምር አውቃለሁ፤ አልቀየምም። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ነበር የሚሰራጨው፤ እኛ በ400 ስለምናወጣ በቁጥር እንበልጠዋለን እያልን እንቀልዳለን።

ጥሩምባ ነፊያችን ማለዳ ሲነፋ ሁላችንም ከአልጋችን ቀና ብለን የሟቹን ስም እናደምጣለን። ጥሩምባው የሚነግረን ግን ሞትን ብቻ ነው። ስብሰባ ሲጠራ፣ ምዝገባ ሲከፈት፣ ቅያስ ሲመጣ የሚነፋልን የለም። ስልክ ያለው ከቴሌግራም ይለቅማል፤ ስልክ የሌለው ከቦኖ ውሃ ሰልፍ ይሰማል፤ ሁለቱም ዘንድ ሲደርስ ወሬው መልኩን ቀይሯል።

ከሰፈራችን አንዲት እናት ያጋጠማቸውን ላንሣ። ሰኔ 14 ቀን 2013፣ በ6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ዕለት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ገና በማለዳ ሰልፍ ያዙ። ሰልፉ የሚገፋ አልነበረም፤ ከፊታቸው ያለችው ወጣት ድንጋይ ፈልጋ አስቀመጠቻቸው። ተራቸው ደርሶ መታወቂያቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሲያወጡ ስማቸው መዝገቡ ላይ የለም። «ቀበሌ የሰጠኝ መታወቂያ ነው፣ አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ» አሉ። የምርጫ ጣቢያዋ ልጅም ያላት መልስ አንድ ነበር፦ የመራጭነት ካርድ። ምዝገባው ያን ዓመት ቀኑ እየተራዘመ ሳምንታት ወስዷል፤ እሳቸው ጆሮ ግን አልደረሰም። ያን ዕለት የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ተራዘመ። የእሳቸው ጉዳይ ግን የሰዓት አልነበረምና ምሽቱን ቤታቸው ሆነው በሬዲዮ ሰሙት። የወረቀቷ ሐሳብ የተወለደው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ለተማረውም ግራ ያጋባል። «ወረዳ» የምንለው ቃል ብቻውን ሁለት ትርጉም አለው። መታወቂያ የምናሳድስበት ወረዳ የክፍለ ከተማ አካል ነው፤ አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አሏት። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስንመርጥ ግን ከተማዋ በ23 የምርጫ ወረዳዎች ነው የተከፈለችው፤ ወሰኑም ቁጥሩም ሌላ ነው። ፓርቲዎችም በዚሁ ይለያያሉ። ለምሳሌ በግንቦት 2011 ሰባት ፓርቲዎች ተዋህደው የመሠረቱት ኢዜማ መዋቅሩን የዘረጋው በምርጫ ወረዳ ነው። ስለዚህ «በወረዳችን ስብሰባ አለ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የየትኛው ወረዳ እንደሆነ ካልተጻፈ ግማሹ ሰው አንዱ በር፣ ግማሹ ሌላው በር ላይ ይቆማል። ቆመንም እናውቃለን። ለነገሩ ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ጀምሮ አፋችን የለመደውን «ቀበሌ» እንኳ እስከ ዛሬ አልተውነውም።

ቅርባችን ያለው ምክር ቤት ደግሞ ይበልጥ የተረሳው ነው። የከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ እንዳለው በምርጫ ሰሞን ይወራል። የወረዳው ምክር ቤትስ? በሚያዝያ 2005 የአካባቢ ምርጫ ተካሄደ፤ በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። በ2005 አንደኛ ክፍል የገቡት ልጆቻችን ዛሬ ጢም አብቅለዋል። ቱቦ ሲፈነዳ፣ የመንገድ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምንሮጠው ግን ወደዚሁ ወደ ወረዳው ነው። ወረቀቷ ላይ ለፓርላማ ወሬ ሦስት መስመር፣ ለወረዳ ስብሰባ ግማሽ ገጽ የምንሰጠው ለዚህ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ትልቁን ትታችሁ ትንሹን» ትሉናላችሁ። ትልቁን ቴሌቪዥኑ ይዞታል።

ለፓርቲዎች ያለን ደንብ አጭር ነው። በሰፈራችን ስብሰባ የሚጠራ የተመዘገበ ፓርቲ ሁሉ 12 መስመር ያገኛል፤ ገዥው ፓርቲም ሆነ ትናንት የተቋቋመው እኩል 12። ለ2013 ምርጫ ለፓርቲዎች ነጻ የአየር ሰዓትና የጋዜጣ ዓምድ ሲደለደል መስፈርቱ ብዙ ነበር፤ የእኛ ማስመሪያ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ አጀንዳ ይጻፋል። «እንደ እኛ ያለ ፓርቲ የለም» የሚለው ይሰረዛል። ከስብሰባው በኋላ ሁለት ልጆቻችን ገብተው የሰሙትን ለየብቻ ይጽፋሉ፤ ሁለቱ ያልተስማሙበት ነገር አይወጣም። ዕጩ የሆነ ሰው ወይም የዕጩ ቤተሰብ አዘጋጅ አይሆንም። በዚህ ደንብ የተነሣ የራሴን የእህቴን ልጅ አስወጥቻለሁ፤ እስከ አሁን አኩርፋኛለች።

ሽማግሌዎቻችን ያነሡት ስጋት ተገቢ ነው። የዕድራችን ደንብ ዕድሩ ከፖለቲካና ከሃይማኖት ወገንተኝነት ነጻ ነው ይላል፤ «ታዲያ የፓርቲ ስብሰባ ማስታወቅ ምን አመጣው?» አሉ። በጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሰዓት ተከራከርንበት፤ ድምፅ ከፍ ያለበት፣ ሻይ የቀዘቀዘበት ሰዓት ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው ይህን ነው፦ የዕድሩ ሣጥን ለወረቀቷ አንድ ሳንቲም አይከፍልም፤ ሒሳቧም ለብቻ ይያዛል። የለቅሶ ብር የለቅሶ ነው። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እኔን ግን እነሆ ወደ ልመና አውጥቶኛል።

ወረቀቷ ጠቅማለች ወይ ለሚል፣ ያለፈውን ክረምት ያስታውስ። አንድ ጠዋት ከወፍጮ ቤቱ ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ ባሉት አጥሮች ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎ አገኘን። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማት የተነሡትን ያየ ሰው ቀይ ቀለም ሲያይ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። እስከ ምሳ ሰዓት «በ15 ቀን ውጡ ተብሏል» የሚለው ተወራ። አንድ ጎረቤታችን ማታውኑ ቁም ሣጥኑን በግማሽ ዋጋ ሸጠ። ልጆቻችን ሁለት ቀን ተመላልሰው ጠየቁ፤ ቁጥሩ የፍሳሽ መስመር ቅየሳ ሆኖ ተገኘ። በግማሽ ገጽ ተጨማሪ እትም አወጣነው፤ የትኛው ቢሮ ሄደን፣ በየትኛው ቀን፣ ምን እንደተባልን ጭምር። ቁም ሣጥኑ ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ወደ ብሩ። ኮፒ ቤቱ በገጽ 4 ብር ያስከፍለናል፤ አንዷ ወረቀት ፊትና ጀርባ 8 ብር ማለት ነው። 400 ቅጂ በወር 3,200፣ በዓመት 38,400 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ወጪ ሰሌዳ ነው። አሁን የምንለጥፈው በግንብ ላይ ስለሆነ ዝናብ ያጥበዋል፤ ካልሆነም የፓርቲ ፖስተር ይለጠፍበታል። ቆልፍና መስታወት ያለው የብረት ሰሌዳ በሦስት ቦታ፣ ማለትም በዕድር ቤቱ በር፣ በቦኖ ውሃውና በወፍጮ ቤቱ አጠገብ ለመትከል አስበናል። ብየዳ ቤቱ አንዱን በ14,000 ሊሠራልን ተስማምቷል፤ ሦስቱ 42,000 ብር። የቀረው 4,600 ብር ለሜጋፎን ነው። ማንበብ ለማይችሉና ዓይናቸው ለደከመ ጥሩምባ ነፊያችን በወር አንድ እሑድ ዋና ዋናውን እየዞረ ሊያነብላቸው ቃል ገብቷል። ሞትን ብቻ ሲያወራ መኖሩ እሱንም ሰልችቶታል።

ድምሩ 85,000 ብር ነው። እስከ አሁን 21,300 ብር ሰብስበናል፤ የሚቀረው 63,700 ብር ነው። 96 ብር የአንድ ቤት የዓመት ወረቀት ይሸፍናል። ከዚያ በላይ የሚችል የጎረቤቱን ይክፈል። 20 ብርም ብትሆን ስሟ ይጻፋል፤ «ትንሽ ናት» ብላችሁ እንዳታፍሩ።

ገንዘቡን የሚቀበሉት ገንዘብ ያዧ ብቻ ናቸው፣ በደረሰኝ። ቤት ለቤት የሚዞር ሰው አልላክንም፤ የመጣባችሁ ካለ ስጡ እንዳትሉት። ውጭ ያላችሁ በዘመዶቻችሁ በኩል ላኩልንና ደረሰኙን ፎቶ አንሥተው ይላኩላችሁ። ገቢና ወጪው በየእትሙ ጀርባ ግርጌ ይወጣል፤ ባለፈው እትም የማጣበቂያው 60 ብር ሳይቀር ተጽፏል። የምንቀበለው ከግለሰብ ብቻ ነው። ከፓርቲ፣ ከዕጩ፣ በዕጩ ስም ከተቋቋመ ኮሚቴ አንወስድም። የፓርቲ አባል ሆናችሁ በግላችሁ መስጠት ግን መብታችሁ ነው፤ ብቻ ለአንድ ሰው በዓመት ከ2,000 ብር በላይ አንቀበልም፤ የሰጠ ሰው «እንየው» ማለት እንዳይጀምር።

ብር የሌለው ደግሞ እጅ አለው። ብየዳ የሚችል፣ ሲሚንቶ የተረፈው፣ ኮምፒዩተር ላይ አማርኛ የሚጽፍ ልጅ ያለው ይንገረን። በተለይ ኮንዶሚኒየም የገባችሁ በየብሎካችሁ አንድ አንድ ሰው ብትመድቡልን ወረቀቷን እንልክላችኋለን። መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ 18 ዓመት ከመሙላት ሌላ በምርጫ ወረዳው 6 ወር መኖር ስለሚጠይቅ፣ ቤት የቀየረ ሰው ቀኑን ቆጥሮ ማወቅ አለበት። የእናታችን ዓይነት ሰልፍ ደግሞ አናይም።

የሚቀጥለው እትም ከወሩ የዕድር መዋጮ በኋላ በዕድር ቤቱ በር ላይ ይታደላል። ገንዘብ ያዧ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት የደረሰኝ ጥራዛቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። የሰሌዳው አንደኛ ልክ ተወስዷል፤ ብየዳ ቤቱ ግማሽ ቀብድ እየጠበቀ ነው።