ድፎው አራት ጊዜ ተሸጠ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። በዓል በመጣ ቁጥር የበጉንና የዶሮውን ዋጋ ትጽፋላችሁ። ጥሩ ነው። ባለሱቅ ስለሆንኩ የሽንኩርቱን ዋጋ ከእናንተ ቀድሜ ባውቀውም አነባለሁ። የዛሬው ደብዳቤዬ ግን ስለ ሌላ የበዓል ጣጣ ነው። በበዓል ሰሞን ለትምህርት ቤት ገንዘብ ስለምንሰበስብበት መንገድ።

እኔ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ባለች አንዲት ትንሽ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የወተመህ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ወተመህ ለማታውቁት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ነው። ሁለት ልጆቼ እዚያ ይማራሉ። የትምህርት ቤቷን ስም አልጽፍም። ጥፋቱ የእኛ የትልልቆቹ ነው፤ ስሟ ቢነሣ ግን የሚያፍሩት ልጆቹ ናቸው። ደወላችን ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት በሩ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ይህ ቸርኬ መደወሉ ራሱ ተመስገን ያሰኛል።

ለምን እንደምንሰበስብ ልንገራችሁ። ከመንግሥት ስኩል ግራንት የሚባል ድጎማ ይመጣል። የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው። ተማሪ የበዛበት ብዙ ያገኛል፣ ያነሰበት ትንሽ። ነፋስ ጣሪያ ሲገነጥል ግን ስንት ተማሪ አላችሁ ብሎ አይጠይቅም። አንድ ክፍል የሚከደንበት ቆርቆሮ 50 ልጅ ተቀመጠበት 20 ልጅ፣ ያው ነው። ሚስማሩም ያው ነው። ስለዚህ ትንሽ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ እጇ ያጥራታል። ጠመኔው አለ፣ የጥበቃው ደመወዝ አለ፣ የፈተና ወረቀት ማባዣው አለ። ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» የሚለውን ንቅናቄ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቱን ያድስ የሚለው ጥሪ ከስብሰባ አይጠፋም። ጥሪው ባይኖርም እናድስ ነበር። በእኛ ሰፈር ጭቃ አቡክቶ፣ ማገር ማግሮ የማያውቅ ወላጅ የለም።

መቼ ይሰብሰብ በሚለው ብዙ ተከራክረናል። መስከረም አይሆንም። ጎተራው ተራቁቶ አዲሱ እህል ገና አልደረሰም። ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛውም ያኔ ነው። በዚያ ላይ መስከረም የልጃገረዶቹ ነው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ እንግጫ የሚባለውን ሣር ነቅለው ይጎነጉናሉ፤ በየቤቱ ምሰሶ ላይ ያስሩታል፣ በእናት አባታቸው ራስ ላይ ያደርጉታል። ልጄ አንዱን ጉንጉን አስተርፋ የክፍሏ በር ላይ አሰረችው። እስከ ጥቅምት ደርቆ እዚያው ተንጠልጥሎ ነበር። ቲቸሯ አላወረደውም። ይህ ከጉዳዬ ጋር አይገናኝም፤ ሰውዬውን ስለወደድኩት ነው የጻፍኩት።

ገና ይሻላል። እህሉ ታጭዷል፣ መወቃቱም ተጀምሯል። ከተማ የገቡት የአገሩ ልጆች ለበዓል ይመጣሉ። ሌላም ነገር አለ። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ጾም ነው። ሰው ይጾማል፣ ዶሮ ግን አትጾምም። ስለዚህ በየቤቱ እንቁላል ይጠራቀማል። ይህችን እንቁላል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እናም አምና የገና ዕለት ከሰዓት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ዝግጅት አደረግን። ከሁለት ቀን በፊት ልጆቹ የክፍሎቹን ወለል በእበት ለቀለቁ። ወለላችን አፈር ነው፤ ካልተለቀለቀ አቧራውም ቁንጫውም አያስቀምጥም። መዝሙር ተዘመረ። አምስተኛ ክፍሎች ስለ አንድ ሰነፍ ተማሪ ድራማ አሳዩ። የትምህርት ቤት ድራማ ሁሉ ስለ ሰነፍ ተማሪ ነው። ከዚያ የገና ጨዋታው ቀጠለ፣ አባቶች ከመምህራን። ጥንጓ እንደ ጥይት ስትሄድ አንዱ ገበሬ ስቶ የርዕሰ መምህሩን ቁርጭምጭሚት በዱላው አገኘው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አይደል የሚባለው? ርዕሰ መምህሩ እያነከሰ ሳቀ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እዚህ ላይ ቆመን ወደየቤታችን ብንሄድ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ከዚያ ድፎው መጣ።

በኮባ የተጋገረ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ድፎ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሽታው ልጆቹን ሲያዞራቸው ነው የዋለው። ጨረታውን የሚመራው ከከተማ የመጣ የአገራችን ልጅ ነበር። ማይክሮፎን የሚወድ ዓይነት። የመጀመሪያው ሰው ዳቦውን ገዛና «ለትምህርት ቤቱ መልሻለሁ» አለ። ተጨበጨበ። እንደገና ለጨረታ ቀረበ። ሁለተኛውም ገዝቶ መለሰ። ሦስተኛውም መለሰ። ብሩ ጥሩ ነበር፣ አልክድም፤ የምቆጥረው እኔ ነኝ። አንዲት የኦ ክፍል ልጅ ግን ቀሚሴን ጎተት አድርጋ «መቼ ነው የሚበላው?» አለችኝ። ዝም አልኳት። አጠገቤ የተቀመጡት መሪጌታ «እንኳን ልጅቱ፣ ዳቦውም ደክሞታል» አሉ።

አራተኛው ገዢ አልመለሰም። መኪናው ላይ አስጭኖ ይዞት ሄደ። መብቱ ነው፣ ገዝቶታል። ልጆቹ መኪናውን እስከ አስፋልቱ ድረስ እየሮጡ ሸኙት።

እሱስ ያስቃል። ቀጥሎ የሆነው ግን አያስቅም። የሰጪዎች ስም በማይክሮፎን መጠራት ተጀመረ። እገሌ ይህን ያህል ሺ፣ ጭብጨባ። እገሌ ይህን ያህል መቶ፣ ትንሽ ጭብጨባ። በሰልፉ መሐል አንዲት አሮጊት ነበሩ። የልጅ ልጃቸው እኛ ጋ ይማራል። በትንሽ ሰፌድ ላይ ጭድ አንጥፈው 6 እንቁላል ይዘው መጡ። ጨረታውን የሚመራው ልጅ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ስንት ብር ልበል?» አላቸው። «ብር የለኝም ልጄ፣ እንቁላል ነው» አሉ። ይህ ሁሉ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። ሰዉ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቅ ነው። «ቀጣይ!» አለ ልጁ። እማማ ሰፌዱን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጡና ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። የዕለቱን ገቢ ስመዘግብ እንቁላሎቹን የጻፍኩበት ቦታ የለም። ማን እንደወሰዳቸውም አላውቅም። ገንዘብ ያዥዋ እኔ ነኝ፣ ግን አላውቅም!

የባሰው የእኔ ሥራ ነው። ከጥምቀት በኋላ የከፋዮችን ስም ዝርዝር ጽፌ ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ከላይ የከፈሉ ከነብራቸው። ከሥር «ያልከፈሉ»። ኮሚቴው ወስኖ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ግን የእኔ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገና ቸርኬው ሳይደወል ስደርስ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ድንጋይ ላይ ወጥቷል፣ ቁመቱ አይደርስም። አውራ ጣቱን በምራቁ እያረጠበ ወረቀቱን ይፈትጋል። ጠጋ ብዬ አየሁ። የአባቱን ስም ነው። ቀለሙ ተለውሶ ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጣቱም ሰማያዊ ሆኗል። ሲያየኝ እጁን ከጀርባው ደበቀ።

የልጁ አባት ያ ክፍል ሲሠራ ከቆላ እስከ ደጋ ማገር ተሸክሞ ያመጣ ሰው ነው። ጭቃ አቡክቷል፣ ምርጊት መርጓል። ያንን የጻፈ የለም። እኛ የምንጽፈው ብር ብቻ ነው። ብር ያልሰጠ ምንም አልሰጠም ማለት ሆነ።

ወረቀቱን ያኔውኑ ቀደድኩት። ኮሚቴው ተቆጣኝ፣ ይቆጣ። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሆነ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በነፃ ነው። የወላጅ መዋጮ በፈቃድ ነው። በፈቃድ ከሆነ «ያልከፈለ» የሚባል ሰው ከየት መጣ? ያልከፈለ የሚባለው ዕዳ ያለበት ነው። እኛ ላላበደርነው ሰው የዕዳ ወረቀት ለጠፍን፣ ያውም ልጁ በሚያልፍበት በር።

ደግሞ ቀኑን አስቡት። ገና እኮ አለቃና ጭፍራ በአንድ ጥንግ የሚጋጩበት፣ የተመታ ጌታ የማይቆጣበት ቀን ነው። ያን የተጫወትንበት ሜዳ ላይ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ሰውን በብሩ ልክ ደረደርነው። ልጆቹ ከእኛ ይሻላሉ። ነሐሴ 13 ለቡሄ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ አንዱ ቤት ትልቅ ሙልሙል ይሰጣል፣ አንዱ ትንሽ። ሁሉም አንድ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ምርቃቱ አንድ ነው። ማታ ሲካፈሉ ይህ የማን ቤት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። (ምንም ላልሰጠ ቤት የሚሉት ግጥም አላቸው፣ እሱ ለጋዜጣ አይሆንም።)

«ስም ካልተጠራ ማን ይሰጣል?» የሚሉኝ አሉ። ሐቅ አለበት። ከከተማ የሚመጣ ሰው የተወለደበት ቀበሌ ውስጥ ስሙ ቢጠራለት ደስ ይለዋል፤ እኔም ብሆን ደስ ይለኛል። ዘንድሮ ማይክሮፎኑን ለመዝሙር ብቻ አደረግነውና ጥሬ ገንዘቡ ከአምናው አነሰ። አልዋሽም፣ መዝገቡ እኔ ጋ ነው። የቆርቆሮው ግማሽ ቀርቶብናል። ግን አምና ከቤታቸው ያልወጡ ሰዎች መጡ። ባሕር ዛፍ የቆረጠ መጣ። ድንች በማዳበሪያ የተሸከመ መጣ፤ እሱን ቅዳሜ ገበያ አውጥተን ሸጥን። ብር የለኝም ያለ ለምርጊቱ ደቦ ሁለት ቀን አስመዘገበ። ሰማያዊ ጣት የነበረው ልጅ አባት አራት ቀን አስመዘገበ። ለእሱ ምንም አላልኩትም፤ ምን እላለሁ?

ድፎም ነበር፣ ሁለት ድፎ። አንደኛው ጨረታው ሳይጀመር ተቆርሶ ልጆቹ በሉ። ለኦ ክፍሏ ልጅ ከዳሩ፣ ቅርፊቱ ካለበት ቆረስኩላት። አሁን አንደኛ ክፍል ናት፤ አምና የጠየቀችኝን ረስታዋለች።

በጋዜጣችሁ በኩል ለበዓል አገሩ ለሚገባ ሰው አንድ ነገር ላስተላልፍ። ስጡ፣ ያስፈልገናል። ግን ማይክሮፎኑን ትታችሁ ወደ ገንዘብ ያዧ ጠረጴዛ ኑ። ብር ስትሰጡ የገንዘብ ደረሰኙን፣ ሞዴል 64ን፣ ሳትቀበሉ አትሂዱ፤ በጭብጨባ ብቻ የተሰጠ ብር የት እንደገባ አይታወቅም። እንደ እኔ ገንዘብ የምትይዙ ደግሞ ግድግዳ ላይ የምትለጥፉት ጠቅላላ ገቢና ምን ላይ እንደዋለ ይሁን። የሰው ስም ይቅርባችሁ። ዕቃ ሲመጣ ሞዴል 19 ቁረጡ። ሞዴል 19 የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ለጠመኔና ለመጥረጊያ እንቆርጠዋለን። አባወራ ለሚያመጣው ባሕር ዛፍ ለመቁረጥ ለምን እንዳላሰብን እስካሁን ይገርመኛል።

ዘንድሮ ጠረጴዛዬን ከመድረኩ አርቄ ባሕር ዛፉ ሥር ነው ያስቀመጥኩት። እማማ መጡ። አይመጡም ብዬ ነበር። ያው ሰፌድ፣ ያው ጭድ፣ ዘንድሮ 8 እንቁላል። ካርቦኑን አስገብቼ ሞዴል 19 ጻፍኩ። የዕቃው ዓይነት በሚለው ላይ እንቁላል፣ ብዛት በሚለው ላይ 8። ከላይ ስማቸውን ከነአባታቸው። ማንበብ አይችሉም። «ምን ይላል?» አሉኝ። አነበብኩላቸው።

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉ።

ደገምኩላቸው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ
ከምሥራቅ ጎጃም