ስልሳ ሰዓት በአንድ ሌሊት

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ውርጩ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቶብናል፤ ባቄላውን እንዳይመታው ማለዳ ማለዳ ወጥቼ አያለሁ። አንቺ ድሬዳዋ ላይ ላብሽን እየጠረግሽ ስለ ውርጭ ስታነቢ ተረት ይመስልሽ ይሆናል።

ይህን የምጽፈው በስልክ ልነግርሽ ያልቻልኩት ነገር ስላለ ነው። ባለፈው እሑድ ከወንድምሽ ጋር ስትጫወቱ የስልኩ ድምፅ ከፍ ብሎ ነበርና ሰማሁ። «የተሙማውን ፋይል ከጓደኛዬ ገልብጬ 60ውን ሰዓት በአንድ ሌሊት ሞላሁት» አልሽው፤ መምህር በየዓመቱ የሚሞላውን የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ፋይል ማለትሽ ነው። ሳቀ። እናትሽም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራችሁ ሳቀች። እኔ ሦስተኛውን ቡና ሳልጠብቅ ወጣሁ። አንድ ሌሊት 12 ሰዓት ብቻ እንዳለው ለማወቅ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም።

ልጄ፣ ያልሠራሽውን ሠራሁ ብለሽ አትፈርሚ።

የምትመልሽልኝን አውቀዋለሁ። ደመወዙ ወር አያደርስም። ክፍሉ 70 ተማሪ ነው። ፋይሉን የሚያነበው የለም፤ ሊያይ የሚመጣውም የክላሰሩን ውፍረት ነው የሚመዝነው። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱንም አልክድም። መመሪያው ሲወጣ ግን ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለራሱ ሙያ ይስጥ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ችግር ይለይ፣ ያቅድ፣ ይሞክር፣ ሞክሮ ያየውን ይመዝን ነበር ያለው። እኛ ያንን ሁሉ ትተን ክላሰሩን ያዝን። «እኛ» የምልሽ አውቄ ነው።

«ጋሼ ወረቀት»ን ታስታውሺዋለሽ? ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ነሽ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ወፍና ጀልባ እያጠፈ ይሰጥሽ ነበር፤ ለፋሲካም ዶሮውን ከእኛ ጋር ነው የበላው። በኋላ መምጣት ሲያቆም «የት ሄደ?» እያልሽ አስቸገርሽኝ። «ተዛወረ» አልኩሽ። አልተዛወረም።

በ2003 ዓ.ም. ነው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ትምህርት ቤታችን የመጣው። እኔ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ነበርኩ። ለጀማሪ መምህር ለሁለት ዓመት አማካሪ ይመደብለታል፤ ለእሱ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ክፍሉ ገብቼ ከኋላ ተቀምጬ ማየት፣ ስንወጣ ያየሁትን መንገር፣ እሱም የእኔን ክፍል ገብቶ እንዲያይ ማድረግ ነበረብኝ። ለዚህም ቀንና ክፍለ ጊዜ የሚሞላበት ቅጽ ነበረው።

ቅጹን ሞላሁ። በየወሩ መጨረሻ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን «ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ታይቷል፤ የተማሪ ተሳትፎ ጥሩ፤ የሰሌዳ አጠቃቀም ይሻሻል» እያልኩ ጻፍኩ። እኔም ፈረምኩ፣ እሱም ፈረመ። የሰሌዳ አጠቃቀሙን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ለምን እንዳልገባሁ ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም። ስንፍና ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እፈራ ነበር።

ታውቂያለሽ፣ ወጣት ሳለሁ እንግሊዝኛዬን የያዘልኝ ሬዲዮ ነበር። ገጠር ሳስተምር ማታ ማታ የአሜሪካ ድምፅን «ስፔሻል ኢንግሊሽ» በኩራዝ ብርሃን እየሰማሁ እጽፍ ነበር፤ በ1,500 ያህል ቃላት ብቻ፣ ቀስ ብሎ የሚነበብ ዝግጅት። ያ ልማድ ብዙ ዓመት አቆየኝ። በ1997 ፕላዝማው፣ ትምህርት የሚተላለፍበት ቴሌቪዥን፣ መጣ። ትምህርቱ ከሳተላይት ይመጣል፤ ለእኛ የቀሩልን የመግቢያና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። በመስኮቱ የሚታየው መምህር ፈጥኖ ይናገራል፣ ይጠይቃል፣ አንድም እጅ ሳይነሣ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ እየተቀባበልን እንስቅበት ነበር። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሥራዬን ሲወስድልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። መዘጋጀት አቆምኩ። ሬዲዮውንም ተውኩት። አንድ ቀን በክፍለ ጊዜው መካከል መብራት ጠፋና 60 ተማሪ ዞሮ አየኝ። ኳስ እንዲጫወቱ ሜዳ ላክኋቸው። የሃያ ምናምን ዓመት መምህር፣ ጠመኔ በእጄ ይዤ!

እንግዲህ እንዲህ የዛገ ሰው ነው የአዲስ ምሩቅ አማካሪ የሆነው። ከኋላ ተቀምጬ ባየው እሱ እኔን የሚያይ መሰለኝ። ስለዚህ ሻይ ቤቱን መረጥኩ። ክፍሉ እየፈረሰ ነበር፤ ተማሪዎቹ እያፏጩበት ነበር፤ ድምፁ ኮሪደሩ ላይ ይሰማኝ ነበር። «ጀማሪ ነው፣ ይለምዳል» እያልኩ አለፍኩት። በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ሥራውን ለቀቀ። ፋይሉ «በጣም ጥሩ» ይላል። የእኔ ፊርማ አለበት።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የማዕድ ቤቱን ጣራ ሳስጠግን፣ ሚስማር ልገዛ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገባሁ። ባለቤቱ እሱ ነው። ተነሥቶ ሳመኝ፣ ስለ አንቺም ጠየቀኝ፣ የሚስማሩን ሒሳብ እምቢ አለ። ልወጣ ስል እየሳቀ ምን አለኝ መሰለሽ? «ጋሼ፣ ያኔ ለእርስዎ ወንበር አዘጋጅቼ ነበር እኮ። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት፣ መደገፊያ ያለው። በየማክሰኞው ከኋላ አስቀምጠው ነበር። በኋላ ተማሪዎቹ ቦርሳ ይከምሩበት ጀመር።» ቂም የለበትም፤ ለወሬ ያህል ነው ያነሣው። ሚስማሩ እስካሁን በላስቲኩ እንዳለ አልጋ ሥር ነው። ለጣራው ሌላ ገዛሁ።

እና ያልሠራሽውን አትፈርሚ ስልሽ የሽማግሌ ንዝንዝ አድርገሽ አትይው።

ምክር ልጽፍልሽ ተቀምጬ የራሴን ጉድ ጽፌ ሁለት ገጽ ሞላሁ። ወደ አንቺ ልመለስ።

ወንድምሽ እንደሚለኝ ክፍል ውስጥ ሁሉንም በአማርኛ ነው የምታስረጂው። ለመሆኑ ለማን? ከፊትሽ የተቀመጡት ልጆች አንደኛ ደረጃን አንዳንዱ በኦሮምኛ፣ አንዳንዱ በሶማልኛ፣ የቀሩት በአማርኛ ተምረው ዘጠነኛ ክፍል ላይ የተገናኙ ናቸው። ለብዙዎቹ አማርኛሽም ራሱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ነው። አማርኛ አትንኪ አላልኩም፤ አንድ ቃል ግማሽ ሰዓት ከሚፈጅ በአንድ ቃል ተርጉሞ ማለፍ ይሻላል። ግን ሥራው ሁሉ ትርጉም ከሆነ እንግሊዝኛውን የት ይስሙት?

ስሕተታቸውንም ከየት እንደመጣ እይው። ሶማልኛ ተናጋሪው ልጅ «ፓርክ»ን «ባርክ» የሚልብሽ ሰንፎ አይደለም፤ በቋንቋው ያ ድምፅ የለም። የእኛው ልጅ ደግሞ «ስኩል»ን «እስኩል» ይላል፤ «ራሴን አመመኝ»ን ይዞ ሄዶ «ማይ ሄድ ሲክ ሚ» ብሎ ይጽፋል። ለ«ፕ» ቀጭን ወረቀት ከከንፈራቸው ፊት ይያዟት፤ «ፕ» ሲሉ ትወዛወዛለች፣ «ብ» ሲሉ ዝም ትላለች። ወረቀት ለዚህም ይሆናል።

ሰዓት ስታስተምሪ ደግሞ ተጠንቀቂ። እኛን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያስተማረን አሜሪካዊ የሰላም ጓድ «ቅዳሜ በቱ ኦክሎክ ኑ፣ መጽሐፍ አውሳችኋለሁ» አለን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ተሰልፈን ጠበቅነው። እሱ ምሳውን በልቶ፣ በእኛ ስምንት ሰዓት መጣ። ሰኞ ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን ሣለ፤ አንዱን የእናንተ፣ አንዱን የእኔ ብሎ። ልጅ እግር ነበር፣ አሁን ሳስበው ያኔ ዕድሜው ካንቺ ብዙም የሚበልጥ አይመስለኝም። ሳምንቱን ሙሉ እኛ ስለ ሰዓት አቆጣጠራችን አስተማርነው፤ በእንግሊዝኛ! ከዚያ በፊት እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። እንዲህ ያለው ሳምንት ነው 60 ሰዓት ውስጥ የሚቆጠረው።

አሁን የምልሽን ልብ ብለሽ አድርጊ። ነገ ክፍል ስትገቢ ስልክሽን ድምፅ እንዲቀዳ አድርገሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። ማታ ለብቻሽ ስሚው፤ ከ40ው ደቂቃ ስንቱን አንቺ ተናገርሽ፣ ስንቱን እነሱ? ቁጥሩን ጻፊው። መጀመሪያ ስትሰሚው ታፍሪያለሽ፤ እፈሪ፣ ግን ጨርሰሽ ስሚው። ከወር በኋላ እንደገና ቅጂ። ይህ የአንቺ ነው፤ ከማንም አልተገለበጠም፤ ክላሰሩ ውስጥ ሁለት ገጽ ብቻ ቢሆንም ይግባ።

ለ70 ተማሪ የሚሆን ሥራ የለም አትበይኝ። አጭር ምንባብ ውሰጂና በተለመደው ፍጥነት ሁለት ጊዜ አንብቢላቸው። በመጀመሪያው እጃቸውን አጣጥፈው ይስሙ፤ በሁለተኛው ዋና ዋና ቃላቱን ብቻ ይጫሩ። ከዚያ በአንድ ለአምስት ቡድናቸው ሆነው ምንባቡን መልሰው ያቁሙት። ይጨቃጨቃሉ፣ ክፍሉ ይንጫጫል፤ የጎረቤት ክፍል መምህርም ይቆጣሻል። ይቆጣ።

ለንባብ የብሪቲሽ ካውንስል «ቲቺንግ ኢንግሊሽ» ድረ ገጽ በነፃ ነው፤ የትምህርት ዕቅዱም የመምህራን ጽሑፉም አለበት። እንዳለ ግን አትውሰጂው። ስለ ሎንዶን ባቡር የተጻፈውን ስለ ድሬዳዋ ባቡር አድርጊው፤ የእናንተው ይበልጥ ብዙ ወሬ አለው። «ኢንግሊሽ ቲቺንግ ፎረም» የሚባለውን የአሜሪካኖቹን መጽሔት ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆነሽ በላዩ ላይ ላም የሣልሽበት ነው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የታተመ ነው። ከሳጥኑ አውጥቼ አይጥ ያልበላቸውን አራቱን አግኝቻለሁ፤ እልክልሻለሁ። ላምሽም አለች። ለኢንተርኔት ጥቅል በቴሌብር 300 ብር ልኬልሻለሁ፤ ለዚሁ ይዋል፣ ለቲክቶክ አይደለም።

ደግሞም ብቻሽን አትሁኚ። የፊዚክስ መምህሯን ክፍልሽ ጋብዣት፤ አንቺም የእሷ ክፍል ግቢ። አንቺ በቀን ቢበዛ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው የምታገኚያቸው፤ የቀረውን እንግሊዝኛ የሚሰሙት ከፊዚክስና ከባዮሎጂ መምህራን ነው። ትምህርቱም ፈተናውም በዚያ ቋንቋ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሰው ሁሉ ልጆቹን ሰደበ። እኔ ያን ምሽት ራት አልበላሁም። ስንቱ ጥያቄው ሳይገባው ቀረ እያልኩ ነበር፤ ስንቱስ እኔ ኳስ ሜዳ የላክኋቸው ልጆች አድገው ያስተማሩት ነው እያልኩ።

አንድ ነገር ግን እንዳታደርጊ፦ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደሽ አትናዘዢ። ጓደኛሽንም አብረሽ ታስቀጫለሽ። የእሷን ፋይል መልሺላት፣ የአንቺን አውጥተሽ ከባዶ ጀምሪ፤ እስከ ሰኔ ጊዜ አለሽ። 22 ሰዓት ብቻ ከሠራሽ 22 ብለሽ ጻፊ። ዝቅተኛ ነጥብ ቢሰጡሽ፣ ወደ መለስተኛ መምህር የምታድጊበት አንድ ዓመት ቢገፋም፣ የጎደለውን ከጡረታዬ እኔ እሞላልሻለሁ። ያልሠራሽውን ግን አትፈርሚ፤ የሌላ ሰው ሥራ ላይ ደግሞ ሳታዪ ፈጽሞ አትፈርሚ። ነገ ከነገ ወዲያ አንቺም አማካሪ መሆንሽ አይቀርም።

ብዙ ተቆጣሁ መሰለኝ። የእርጅና ልጄ ነሽ፤ ጠመኔዬን ሰርቀሽ የጎረቤት ሕፃናትን አጥሩ ሥር ደርድረሽ «ሪፒት!» ስትያቸው በመስኮት እያየሁ የሳቅሁት ሳቅ እስካሁን አልወጣልኝም። ያኔ አንዱ ሕፃን አልደግምም ሲልሽ ዝቅ ብለሽ ጆሮው ሥር ምን እንዳልሽው አላውቅም፤ ደገመ።

ጥቅሉ ሐሙስ ከዚህ ይነሣል። አዲስ አበባ አክስትሽ ትቀበለውና ዓርብ ማለዳ በድሬዳዋ አውቶቡስ ትልከዋለች፤ የሹፌሩን ስልክ እሷ ትነግርሻለች። በሶና ቆሎ አለው፣ መጽሔቶቹ ከሥር ናቸው። እናትሽ ጋቢ ጨምራበታለች። በዚያ ሙቀት ጋቢ ምን ይሠራል ብያት ተቆጥታኛለች፤ ስትደውይ ደርቤዋለሁ በያት። ስልኩንም ድምፁን ቀንሺው።

አባትሽ