የአባቴን ቁጣ ላልፈራችሁት

ለሰፈራችን ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ሠራተኞች፣ እንዲሁም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ድረስ በእግራችሁ ለተመላለሳችሁት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፤

አባቴ የስድስት ወር የቲቢ ሕክምናውን ጨርሷል። የመጨረሻው የአክታ ምርመራም ኔጌቲቭ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን! ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ እናንተ። ስማችሁን አልጽፍም፤ ሲስተር «ፌስቡክ ላይ ስሜን እንዳላይ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። አባቴን ግን አስፈቅጄዋለሁ። «ጻፊው፤ አሁንማ ድኛለሁ፣ ምን ያሳፍረኛል» ብሏል።

ለማታውቁት፣ አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አሰብ መንገድ ላይ ኤንትሬ ሲነዳ የኖረ፣ ለበረሃም ለኬላም ያልተበገረ ሰው። ሳሉ ሳምንታት ሲቆይ «ብርድ ነው» አለን። ሌሊት ሲያልበው «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አስጨመቀን። መጀመሪያ የሄድንበት አንድ ክሊኒክ «እባካችሁ ይኼን ሰውዬ ያዙልን» ብሎ ነው የሸኘን። እናንተ ጋ ውጤቱ ሲነገረው ደግሞ ዘበኛውን ሰደበ፣ ወረፋውን ሰደበ፣ «ክኒኑን እዚሁ ፊታችን ይዋጡ» ሲባል «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብሎ ጮኸ።

ሲስተር ሁሉም እስኪወጣለት ጠበቀችውና «ጋሼ፣ ምን አስፈራዎት?» አለችው። እሱም «ጴጥሮስ ልትጥሉኝ ነው?» አለ። በእሱ ዘመን የሳንባ ሕመምተኛ እንጦጦ መንገድ ላይ ባለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ይተኛ ነበር። «ጴጥሮስ ገባ» ከተባለ ሰፈሩ እርሙን ያወጣ ነበር። ይህን ፍርሃቱን ለእኛ ለልጆቹ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ለእሷ የነገራት ስለጠየቀችው ነው። ዛሬ ቲቢ በጤና ጣቢያ በነጻ እንደሚታከም፣ እየተመላለሰ እቤቱ እያደረ እንደሚድን ስትነግረው ድምፁ ወረደ። ለዚያ ቀን ብቻ ነው ታዲያ።

ሲስተር፣ የሃይላንዱን ቀን መቼም አትረሺውም። ሽንቱ ቀላበት። በሃይላንድ ቀድቶ መጣና ጠረጴዛሽ ላይ ዷ አድርጎ አስቀመጠው። «ደሜን እያሸናችሁኝ ነው! ገዳዮች!» ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንቺ ወንበር ሳብሽለት። «እንኳን ይዘውት መጡ ጋሼ። እኔም ብሆን እደነግጥ ነበር» አልሽው። ከዚያ ክኒኑን አውጥተሽ እያሳየሽ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሚወሰዱት አራት መድኃኒቶች ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንት እንደሚያቀላ፣ ላብና እንባንም ቀለም እንደሚሰጥ አስረዳሽው። ሕክምናውን ሲጀምር የነገርሽው ነው እኮ! «ነግሬዎት ነበር» የምትል ቃል ግን ካፍሽ አልወጣችም። እሱም «እንዲህ ከሆነማ ጥሩ» ብሎ ሃይላንዱን ኮቱ ውስጥ ከቶ ወጣ። ለምን ኮቱ ውስጥ እንደሆነ አይጠየቅም።

ሦስተኛው ወር ላይ «ድኛለሁ» ብሎ ቀረ። ሳሉ ጠፍቷል፣ ክብደቱ ጨምሯል። ቲቢ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ በሽታው መድኃኒት ተላምዶ ሊመለስ ይችላል። ለመንነው፣ ተቆጣነው፣ የንስሐ አባቱን ጠራንበት። ወይ ፍንክች! የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አራተኛ ፎቅ ድረስ መጣች። ጎረቤት እንዳይጠረጥር ጋዋኗን ደረጃው ላይ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስለ ክኒን አንድም ቃል ሳታነሳ ስለ አሰብ መንገድ አስወራችው። በረካው ሲቀዳ ነው ነገሩ የወጣው። የድሮ የሥራ ባልደረባው ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አይቶታል። አፍሮ ነው የቀረው። በማግስቱ ሰዓቱ ተለወጠለት፣ ጠዋት ሰው ሳይበዛ እንዲመጣ። ከዚያ ወዲያ አልቀረም።

ዝም ብላችሁ የቻላችሁት እንዳይመስል ይህንንም ልጨምር። የፅዳት ሠራተኛዋን ክፉ ቃል የተናገራት ዕለት ሲስተር ፊቷ ተለወጠ። «እኔን ይናገሩኝ፣ ሕመሙ እንደሆነ ይገባኛል። እሷን ግን አይችሉም።» መድኃኒቱን ሰጠችው፣ ውሃውን ሰጠችው፣ ይቅርታ እንዲጠይቅ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ጠየቀ፣ በሹፌር ቋንቋም ቢሆን። እኔ ከሁሉም በላይ ያከበርኳችሁ ለዚህ ነው። ደመወዛችሁ ስንት እንደሆነ አገር ያውቃል፤ በዚያ ላይ የሰው ስድብ መጨመር የለበትም።

የላብራቶሪው ልጅ፣ ቤተሰቡን በሙሉ ስለመረመርክልን፣ ለትንሿ ልጄም የመከላከያ መድኃኒት እንድትጀምር ስለተሯሯጥክ ተባረክ። ዘበኛው አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን። ሾርባ እየሠራችሁ የመጣችሁ የእድራችን ሰዎች፣ ብድራችሁን በደስታ ይክፈልልን።

አባቴ «የራሴን ምስጋና በራሴ አፍ ነው የምናገረው» ብሏል። ሰኞ ጠዋት ይመጣል። ክፉ ቃል ካመለጠው እንደ ልማዳችሁ።

ልጁ፣ ከቱሉ ዲምቱ