የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ክበብ፦ ተግሣጽ ስንማር የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበቡ ምን ሰራ ለምትሉ መዝሙሩም የጸሎት ፕሮግራሙም ነበረ፣ ደስ የሚል ጊዜ ነበር፣ እኔ ግን መጻፍ የፈለኩት ስለ ተግሣጽ ያጠናነውን ነው ምክንያቱም ዓመቱን ሙሉ ሲያከራክረን የከረመው እሱ ነው። ርዕሱን የመረጡት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ሲመርጡት ግን ግማሾቹ ያሰቡት ሌላውን እንዴት እንደሚገስጹ ነው እንጂ እነሱ ሲገሰጹ እንዴት እንደሚሰሙ አልነበረም (ይሄ የልጅ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ)።

የጀመርነው ዕብራውያን 12 ላይ ነው፣ ጌታ የሚወደውን ይቀጣል የሚለው ጋ ስንደርስ አንዱ ተማሪ "ቲቸር፣ እና የታመመ ሰው ሁሉ እየተቀጣ ነው ማለት ነው?" አለ። በዛ ቀን ሌላ ነገር አላነበብንም። የኢዮብ ወዳጆች እኮ ልክ እንደዛ ብለው ነው የተሳሳቱት፣ እግዚአብሔርም መጨረሻ ላይ የተቆጣው እነሱን ነው። ስለዚህ የሰው መከራ ላይ ገብተን "ይሄ ቅጣት ነው" እንዳንል ተስማማን።

ልጆቹን በጣም የያዛቸው የሳኦልና የዳዊት ነገር ነው። ሁለቱም ነቢይ መጣባቸው ሁለቱም "በድያለሁ" አሉ። ሳኦል ግን መጀመሪያ ህዝቡ ላይ ያላክካል፣ ካመነ በኋላም ሳሙኤልን በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ ይለዋል፣ ማለት ጭንቀቱ ስሙ ነው። ዳዊት ናታን "ያ ሰው አንተ ነህ" ሲለው እግዚአብሔርን በደልኩ ብሎ አበቃ፣ ሰበብ የለ ምን የለ። ከዛ በኋላ ክበቡ ውስጥ ሰው ሰበብ መደርደር ሲጀምር "አክብረኝ አልክ እንዴ?" ይባባላሉ፣ ቀልድ ሆኖ ቀረ።

በመሃል የቴሌግራም ግሩፑ ላይ ችግር ተፈጠረ። አንዷ ጥናቱን ሳትዘጋጅ መጣች ብሎ አንዱ ግሩፑ ላይ ጥቅስ ጨምሮ ወቀሳት፣ ሌሎቹ ላይክ ደረደሩበት፣ ልጅቷም ከግሩፑ ወጣች። ጥቅሱ ልክ ነበር፣ ቦታው ነው ልክ ያልነበረው። ማቴዎስ 18 መጀመሪያ አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ይላል፣ ገላትያ 6 ደግሞ በየውሃት መንፈስ፣ አንተም እንዳትፈተን ራስህን ጠብቅ ይላል። እና ማንም ሰው ግሩፕ ላይ እንዳይታረም ወሰንን። ወቃሹ ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት፣ እሷም ተመለሰች፣ ግን ጊዜ ወስዶባታል።

"ጳውሎስ ግን ጴጥሮስን በሁሉ ፊት አይደል እንዴ የገሰጸው?" ብለው ተከራከሩኝ፣ እውነታቸውን ነው። እዛ ጋ ግን ጥፋቱም የአደባባይ ነበር፣ ጴጥሮስ ከአሕዛብ (አይሁድ ካልሆኑት) ጋር መብላት ሲተው በርናባስን ሳይቀር ይዞ ሄደ። ለእኔ የሚገርመኝ ሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት ላይ ጳውሎስን "የተወደደው ወንድማችን" ብሎ የሚጠራበት ነው፣ ቂም የያዘ ሰው እንደዛ አይልም።

አንድ ያየሁትን ልጨምር። መዝሙር የሚመራውን ልጅ አንዷ ታናሹ ከፕሮግራም በኋላ ጠርታ "ሌሎቹ ሲሳሳቱ ትስቃለህ፣ ስለዚህ መዘመር ፈሩ" አለችው። ፊቱ ተለዋወጠ፣ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ዘጋው፣ ከዛ "እነማን ፈሩ?" ብሎ ጠየቃት። በሚቀጥለው ልምምድ የፈሩትን ፊት አስቁሞ እሱ ከኋላ ሆኖ ዘመረ። እንደኔ የዓመቱ ትልቁ ውጤታችን ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን ይሰመርበት፣ እርማት ተቀበሉ ማለት ስድብና ማዋረድ ተሸከሙ ማለት አይደለም፣ እንደዛ የሚያደርግ ሰው ካለ ጥቅስ ቢጠቅስም ለምታምኑት አዋቂ ንገሩ።

በሚቀጥለው ዓመት ዮናስን እናጠናለን፣ እሱ ደግሞ ተገስጾም የሚያኮርፍ ነቢይ ስለሆነ ክርክሩ ከዘንድሮው ይብሳል ብዬ እጠብቃለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ በስልካችሁ የምታነቡ ዳታ አጥፍታችሁ ግቡ።