ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ለተወለዳችሁ፦ ለጋራ ድልድያችን የድጋፍ ጥሪ

ነገሩን ሳናዞር እንንገራችሁ። በሁለቱ ቀበሌዎቻችን መካከል ባለው ወንዝ ላይ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ልንሠራ ነው። ድንጋዩና አሸዋው ተሰብስቧል። ጉልበትም አለ። የጎደለን ሲሚንቶ፣ ፌሮና ኬብል ነው። እጃችንን የዘረጋነው ለዚህ ነው።

"ድልድይ መሥራት የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኛም ለዓመታት ስንጠይቅ ኖረናል። ወንዙ የሁለት ወረዳዎች ድንበር ነው፤ ከሁለቱም ወረዳዎች የምንሰማው መልስ አንድ ነው፤ "በዕቅድ ይያዛል።" አንደኛው ሌላው ይሠራዋል ብሎ ይጠብቃል፤ ሌላውም እንደዚያው። ክፋት አይደለም። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ የወረዳ በጀት ከክልል የሚመጣው በጥቅል ነው። አብዛኛው ለመምህር፣ ለጤና ባለሙያና ለግብርና ሠራተኛ ደመወዝ ይውላል። ከዚያ የተረፈችው ጥቂት ብር ከተማው አካባቢ ታልቃለች እንጂ ድንበር ድረስ አትመጣም። ድንበር ላይ ያለ ነገር ደግሞ ባለቤት የለውም። "ግማሽ ድልድይ ሠራሁ" ብሎ ሪፖርት የሚያቀርብ ኃላፊ እስካሁን አላጋጠመንም።

አገሩን ለቃችሁ ለቆያችሁ፣ አሁን ያለውን ሁኔታ ባጭሩ እንንገራችሁ። ወዲህ ማዶ ጤና ጣቢያ አለ። ወዲያ ማዶ ያለው ጤና ኬላ ብቻ ነው። በአገራችን አሠራር አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ አንድ ጤና ጣቢያ ደግሞ ከ15,000 እስከ 25,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቦ ነው የሚሠራው። የኬላዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ክትባት ይሰጣሉ፣ ነፍሰ ጡር ይከታተላሉ። ምጥ የጠናባትን ሴት ግን ወደ ጤና ጣቢያ ከመላክ ሌላ አማራጭ የላቸውም። የራሳቸው ወረዳ ጤና ጣቢያ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። የእኛ ጤና ጣቢያ ቆርቆሮ ግን ከእነሱ ደጃፍ ሆኖ ይታያል።

በተራው ደግሞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ያለው ወዲያ ማዶ ነው። የእንስሳት ክሊኒኩም እዚያው ነው። የቅዳሜ ገበያም እንዲሁ። አንዳችን የሌላችንን ሳንፈልግ የምንውልበት ሳምንት የለም።

በበጋ ችግር የለም፤ ሱሪ ሰብሰብ አድርጎ መሻገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን እንዲህ ይሆናል። አራት ጎረምሶች ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ይዘው ወንዙ ዳር ይደርሳሉ። ቃሬዛውን ያወርዳሉ። አንዱ ልብሱን አውልቆ በዱላ ውሃውን እየለካ ይገባል። ውሃው ወገቡ ላይ ከሆነ ይሻገራሉ። ደረቱ ጋ ከደረሰ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ዝናቡ የሚዘንበው ላይኛው አገር ስለሆነ እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ ሊሞላ ይችላል፤ ስለዚህ መቼ እንደሚጎድል የሚያውቅ የለም። ወዲህ ማዶ አምቡላንሷ መጥታ ቆማለች። ሹፌሩና ባልየው ሲጯጯሁ ይሰማማሉ። ሴትየዋ መሬት ላይ ጋቢ ለብሳ ትጠብቃለች።

ባለፈው ዓመት ሁለቱ የቀበሌ ምክር ቤቶች አብረው ተቀመጡ። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ የግጦሽ ጉዳይ ተነሥቶ ግማሽ ቀን በላ። ከዚያ የሁለቱ ወረዳ ሰዎች ተጠሩ። በመጨረሻ ግን ጥሩ ነገር ወጣው። የወዲህ ማዶ ልጆች ያለ ብዙ ደብዳቤና ምልልስ ወዲያ ማዶ ተመዝግበው ይማራሉ። የከብት ክትባት በሁለቱም ቀበሌ በአንድ ቀን ይሰጣል። ይሄ በጣም ያስፈልግ ነበር። ከብቶቹ አንድ ውሃ ነው የሚጠጡት፤ ወዲህ ለአባ ሰንጋ ተከትቦ ወዲያ ከቀረ ድካሙ ግማሹ ከንቱ ነው።

ትልቁ ስምምነት ግን የጤና መድን ካርዱ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር የተዋቀረው በወረዳ ነበር። ገንዘቡ የሚሰበሰበው በወረዳ፣ ውል የሚገባውም ከጤና ተቋም ጋር በወረዳው በኩል ነበር። ስለዚህ የወዲያ ማዶ ሰው መዋጮውን ከፍሎ፣ ካርዱን በኪሱ ይዞ፣ እኛ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ከኪሱ ይከፍል ነበር። አሁን የእነሱ ወረዳ ከጤና ጣቢያችን ጋር ውል ገብቷል። ታካሚው ካርዱን ያሳያል፣ ይታከማል። ሒሳቡን ጤና ጣቢያው ከወረዳቸው መድን ይጠይቃል። ሁለት ወረዳዎች ሳይጣሉ ሒሳብ የሚተሳሰቡበት አሠራር መገኘቱ እኛንም ገርሞናል።

ይህ ሁሉ ስምምነት ግን ከሰኔ እስከ መስከረም አይሠራም። ምክንያቱ ወንዙ ነው።

የምንሠራው የመኪና ድልድይ አይደለም። የእግረኛ ነው፤ ወርዱ አንድ ሜትር ገደማ። ቃሬዛ ያሳልፋል። እህል የተጫነ አህያም ያሳልፋል። ጭድ የተጫነ አያልፍም፤ ኋላ ቅሬታ እንዳይመጣ አስቀድመን ተናግረናል። ኔፓሎች ተራራማ አገራቸው ውስጥ እንዲህ ዓይነቱን ድልድይ በሺዎች ሠርተዋል። ሰው ሲያየው ዓይኑ የሚያርፈው ኬብሉ ላይ ነው። ሲሚንቶውን የሚውጠው ግን በሁለቱም ዳር መሬት ውስጥ የሚቀበረው፣ ኬብሉን ጎትቶ የሚይዘው ኮንክሪት ነው። መሐንዲሱ ሲለካ ሽማግሌዎቹን ይዞ ነበር የሄደው። በዕድሜያቸው ካዩት ሙላት ሁሉ ትልቁ የት እንደደረሰ በድንጋይ ምልክት አደረጉለት። ድልድዩ ከዚያ በላይ ነው የሚሰቀለው።

ቁመቱ ላይ ድርቅ ያልንበት ምክንያት አለ። ሰባራ ድልድይን አስታውሱ። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራ፣ ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው የተሻገረው በገመድ ታስሮ፣ ከዚህም ከዚያም ጎረምሶች እየጎተቱት ነበር። በፈረንጆች 2001 ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የዚህን ፎቶ መጽሔት ላይ አየና ሰዎች አስተባብሮ መጣ። የተቆረጠው ክፍል በብረት ተገናኘ። ጥቂት ዓመት አገልግሎ በፈረንጆች 2005 ጎርፍ ወሰደው። በፈረንጆች 2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ከፍ ተደርጎ ተሠራ። ከፍታውን ከዚያ ተምረናል። ፎቶ አይቶ የሚመጣ ፈረንጅ ግን አንጠብቅም። የጉራጌ ልጆች በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅታቸውን ሲያቋቁሙ ከራሳቸው ኪስ ነው የጀመሩት።

እስካሁን ከሁለቱም ወገን የተሰጠውን እንንገራችሁ። ከየቤቱ ሰው ወጥቶ ድንጋይ ተሸክሟል። እድሮች ከተቀማጫቸው አውጥተዋል። ከወዲያ ማዶ አንዲት እናት ዶሮ ይዘው መጡ። ዶሮዋ በጨረታ ተሸጠች፤ ገዢው መልሶ ለኮሚቴው ሰጣት፤ እንደገና ተሸጠች። በመጨረሻ ዶሮዋን ማን እንደበላት ኮሚቴው አያውቅም፤ ብሩ ግን መዝገብ ላይ አለ። "ድር ቢያብር" የሚለውን ተረት አንጠቅስም፤ በየስብሰባው ስለሚባል ጆሯችሁ ሰልችቶታል።

ሌላው የምትጠይቁትን እናውቃለን። ከዚህ በፊት ለመንገድ የተዋጣው ገንዘብ የት ገባ? መልስ የለንም፤ እኛም አዋጥተን ነበር። ለዚህ ነው ያሁኑ ገንዘብ በቀበሌ ካዝና በኩል የማያልፈው። አካውንቱ የተከፈተው በጋራ ኮሚቴው ስም ነው። ፈራሚዎቹ አራት ናቸው፤ ከየቀበሌው ሁለት ሁለት። ከሁለቱም ወገን ካልተፈረመ ብር አይወጣም። ወር በገባ ቁጥር የገባውና የወጣው በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ በር ላይ ይለጠፋል። ኮሚቴ አባል የሆነ ሰው ሲሚንቶም ሆነ ብረት ለሥራው መሸጥ አይችልም። ይህን ያስገባነው ተጨቃጭቀን ነው፤ አንዱ አባላችን ብረት ነጋዴ ናቸውና ትንሽ ቅር ብሏቸዋል።

ከተሠራ በኋላስ? ጣውላ ይበሰብሳል፣ ብሎን ይላላል። ሁለቱ ምክር ቤቶች ለጥገና በየዓመቱ እኩል ይመድባሉ። መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል ድልድዩ ይፈተሻል። ጠባቂው አንድ ዓመት ከወዲህ፣ አንድ ዓመት ከወዲያ ይሆናል።

እና ምን እንስጥ? የብር መጠን አልተመንም፤ ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ። የምንጠይቃችሁ በዓይነት ነው። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ። አንድ ሜትር ኬብል። አንድ ጣውላ። የዕለቱን ዋጋ ኮሚቴውን ጠይቃችሁ በአካውንቱ ወይም በቴሌብር ታስገባላችሁ። አቅሙ ግማሽ ኩንታል የሆነ፣ ግማሽ ኩንታል ያስገባ። ከተማ ያላችሁ መሐንዲሶች፣ ሲሚንቶ ሳይሆን አንድ ቅዳሜና እሁድ ብትሰጡንም ይጠቅመናል። ፌሮ ሲታሰር የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልገናል።

ውጭ ያላችሁ፣ ቨርጂኒያም ሆነ ሪያድ፣ በአንድ ከተማ የወዲህ ማዶና የወዲያ ማዶ ልጆች ተብላችሁ ለየብቻ እንደምትሰበሰቡ ሰምተናል። ቢቻል ለዚህ ሥራ አንድ ላይ ሰብስቡ። ካልሆነም ለየብቻ ላኩ፤ የሚገባው አንድ አካውንት ነው። በሰው ቤት እየሠራችሁ ከወር ደመወዛችሁ ለቤተሰብ የምትልኩ እህቶቻችን፣ እናንተን አናስቸግርም። ወሬውን ብቻ አድርሱልን።

ስለ ጊዜው ይህን እወቁ። ቁፋሮው የሚጀመረው አዝመራ ተሰብስቦ፣ ጥር ላይ ነው። ክረምት ሳይገባ ማለቅ አለበት። ሲሚንቶ ቀድመን ገዝተን አናስቀምጥም፤ እርጥበት ካገኘው ከረጢቱ ውስጥ ይደርቃል። ኬብሉ ግን ታዝዞ ነው የሚመጣው፤ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ እስከ ኅዳር መጨረሻ የሚገባው ገንዘብ ለኬብል፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ የሚገባው ለሲሚንቶና ለፌሮ ይውላል።

የአካውንት ቁጥሩን በስልክ ወይም በቴሌግራም ከሚዞር መልእክት አትውሰዱ። ከሁለቱ ቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች፣ ወይም በአካል ከምታውቁት የኮሚቴ አባል ብቻ ተቀበሉ። ያስገባችሁበትን ስክሪንሾት ስማችሁንና "ወዲህ" ወይም "ወዲያ" የሚለውን ጽፋችሁ ላኩልን። ደረሰኝ በሳምንት ውስጥ ካልደረሳችሁ ደውሉና ጠይቁን።