ነሐሴ 10 ከመድረሱ በፊት

ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሜክሲኮ፣ አዲስ አበባ

እማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሹ አራት ጥርስ አበቀለ፣ የዳቦ ቅርፊት ማኘክ ጀምሯል። ትልቋ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ ካርዴን አያቴ ካላየችልኝ እያለች ነው። አራብሳ ውኃው በሦስት ቀን አንዴ ነው ብለሽኛል፤ ጀሪካን ይዘሽ አራተኛ ፎቅ እንዳትወጪ፣ ለጥበቃው ልጅ ሃምሳ ብር ስጪው፣ እኔ እልክልሻለሁ።

ይሄን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ወሬውን ወደ ውኃና ወደ ልጆቹ መለስኩት። ስለዚህ በትልልቁ ጻፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው እንጂ ለጎረቤት ልጅ አታስነብቢው።

ሚጣ ትመጣለች፣ ያኔ በጉዲፈቻ አሜሪካ የሄደችው ሚጣ። ሐሙስ ነሐሴ 8 ትገባለች፣ ካዛንቺስ ሆቴል ይዛለች፤ ቅዳሜ ነሐሴ 10 እኔ ቤት እንገናኛለን። የሁለት ቀን ክፍተት የተውኩት አውቄ ነው። ሚኒሶታ ከእኛ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ዝቅ ያለ አገር የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ራሱን ያመዋል፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ ትልቅ ነገር አይወረወርም።

ወረቀቶቿን ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። የቀበሌው ደብዳቤ፣ የሦስቱ ምስክሮች ቃል፣ ከጉዲፈቻ ድርጅቱ ጋር የተፈረመው ውል፣ የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ለፍርድ ቤት የጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ፣ የልደታው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ አዲሱ የልደት ሰርተፍኬት። ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋቸዋለች፣ ድንገት አይተሽ እንዳትደነግጪ አሁኑኑ ልንገርሽ።

ሰርተፍኬቱ ላይ እናትና አባት ተብለው የተጻፉት ፈረንጆቹ ናቸው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፤ ፍርድ ቤቱ ጉዲፈቻውን ካጸደቀ በኋላ የሚወጣው ሰርተፍኬት አሳዳጊዎቹን ወላጅ አድርጎ ነው የሚጽፈው። የልደት ቀኗ ግን በእውነት ተሳስቷል። ጥቅምት 5 ቀን 1997 የሚለውን ሲተረጉሙ ወሩን ኦክቶበር ብለው 5ን እንዳለ ተዉት። ዓመቱ ላይ 7 ደምረው 2004 ማለታቸው ልክ ነው፤ ቀኑ ግን በእነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 15 ነበር። ልጅቷ ዕድሜ ልኳን ልደቷን በአሥር ቀን ቀድማ ስታከብር ኖረች። አራዳ ጊዮርጊስ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የተሰጠን ወረቀት ካለ ይሄን ያቃናል፤ ፈልጊው።

አድራሻው ዶሮ ማነቂያ ነው፣ ከነቀበሌውና ከነቤት ቁጥሩ። ያ ሰፈር በ2016 መፍረሱን እሷ ከየት ታውቃለች? ወረቀቷን ይዛ ፒያሳ ብትቆም የምታገኘው መንገድ ነበር። እንደሷ የሚፈልጉ ልጆች ብዙዎቹ የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። ቀበሌው ወረዳ ሆኗል፣ ቤቱ የለም፣ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። የማይፈርሰው እድር ነው። እኛንም ያገኘችን በእድራችን ጸሐፊ መዝገብ ነው፣ የአባዬን ስም ይዛ። ሰፈሩ ከተበተነ በኋላም ወርሃዊውን መዋጮ ሳታቋርጪ ስለከፈልሽ ስልካችን እዚያ መዝገብ ላይ ነበር። ያኔ «ለፈረሰ ሰፈር ምን እድር አለው?» ብዬሽ ነበር፤ አንቺ ልክ ነበርሽ።

አሁን ወደ ውሳኔው ልምጣ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አባቷ ሞቷል ይላል፤ ይሄ እውነት ነው፣ ነፍሱን ይማር። ቀጥሎ እናቷም ሞታለች ይላል። ከዚያ «በአክስትነት ያሳደገቻት» ብሎ ያንቺን ስም ይጽፋል።

እማዬ፣ ሕጉን አንብቤዋለሁ። የቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ 213/1992፣ ከወላጆች አንዱ ከሞተ በሕይወት ያለው ብቻውን ፈቃዱን ይሰጣል ነው የሚለው። የአሜሪካኖቹም ሕግ ቢሆን ወላጅ አልባ ብሎ የሚቀበለው እናት አባት የሞቱበትን ብቻ አይደለም። አንድ ወላጅ ቀርቶ እሱም ማሳደግ ካቃተውና ልጁን መልሼ አልጠይቅም ብሎ በጽሑፍ ከለቀቀ ይበቃል። ባሏ የሞተባት፣ ቤት ለቤት እንጀራ የምትጋግር እናት በገዛ ስሟ ቆማ መፈረም ትችል ነበር ማለት ነው። ውሸቱ አያስፈልግም ነበር። ያ ደላላ «እናት አለች ከተባለ ይጓተታል» ያለሽ ለራሱ እንዲቀለው ነው። የሚያጣራም አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ወደ አሜሪካ ብቻ በዓመት ከ2,000 በላይ ልጅ ይሄድ ነበር፤ ሚኒስቴሩ በቀን እስከ 50 መዝገብ ያይ ነበር። በመጋቢት 2003 በቀን ወደ 5 አወረዱት፣ በጥር 2010 ምክር ቤቱ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ጭራሽ ዘጋው። በቀን 50 መዝገብ የሚያይ ሰው የትኛዋ እናት የትኛዋ አክስት እንደሆነች በምን ይለያል?

ፈረንጆቹም አያውቁም ነበር። ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤታቸው እየተመላለሰች አጥንታቸዋለች፤ አሻራ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ሁሉንም አቅርበው ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን አረጋግጦላቸዋል። የልጅቷ ፎቶና ታሪክ የደረሳቸው ከዚያ በኋላ ነው፣ «ሁለቱም ወላጆች የሞቱባት» ተብሎ። ፍርድ ቤት ራሳቸው ይቅረቡ የተባለው ከ2002 ግንቦት ወዲህ ስለሆነ በ2001 የቆመላቸው ወኪል ነው። ስለዚህ አንቺን አላዩሽም። ውሳኔው ሲሰጥ እሷንም አላዩዋትም፣ እዚያም አገር ፍርድ ቤት ቀርበው እንደገና አስጸድቀዋል። የገቡትን ግዴታ ጠብቀው በ3ኛው ወር፣ በ6ኛው ወር፣ በዓመቱ፣ ከዚያም 18 ዓመት እስኪሞላት በየዓመቱ ሪፖርት ከነፎቶዋ ልከዋል። ቅጂዎቹን አሳይታኛለች። አንዱም እኛ ዘንድ አልደረሰም። የድርጅቱ ቢሮ ተዘግቷልና ማንን ልጠይቅ?

እስካሁን ወደ ዋናው ነገር እየዞርኩ ነው፣ ታውቂኛለሽ።

ጥር ላይ ዲኤንኤ ሰጥቻለሁ። ከአሜሪካ የመጣ ሰው ዕቃውን አምጥቶልኝ ጉንጬን በውስጥ በኩል ጠርጌ መልሼ ላክሁ። ሳልነግርሽ ማድረጌ ጥፋት ነው። መጋቢት ላይ ውጤቱ መጣ። አክስትና የእህት ልጅ በአማካይ የዲኤንኤያቸውን ሩብ ይጋራሉ፣ የእህትማማቾች ልጆች ስምንተኛውን። እናት ከልጇ ግማሹን፣ ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ እህትማማቾችም ከፍ ዝቅ ይበል እንጂ ወደ ግማሽ ነው። የእኛ ወደ ግማሽ ወጣ። ኮምፒውተሩ «እህት» ብሎ ነው የጻፈላት።

ታውቃለች፣ እማዬ። ከመጋቢት ጀምሮ ታውቃለች። በየሳምንቱ እንደዋወላለን፣ እስካሁን ግን ስላንቺ አልጠየቀችኝም። ከአንቺ አፍ ለመስማት እየጠበቀች ይመስለኛል። ለአንቺም ዕቃውን ይዛ ትመጣለች፣ ግን ከመጠራረግሽ በፊት ንገሪያት። ማሽን ከሚነግራት አንቺ ንገሪያት።

እኔም አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። ያን ቀን በዚያ ቢሮ ደጃፍ «አክስቴ በይኝ፣ እማዬ እንዳትይ» ብለሽ ክንዴን ቆንጥጠሽኛል። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አልኩልሽም። ሚጣ አራት ዓመቷ ስለሆነ አልገባትም፣ እማዬ እማዬ እያለች ስታለቅስ «እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁሉንም እንዲህ ነው የምትለው» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ለምን ሰጠሻት ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያን ዓመት ምን እንደበላን አስታውሳለሁ፣ አንቺ ምን እንዳልበላሽም። የሚቆጨኝ ያችን ዓረፍተ ነገር እኔ መናገሬ ነው፤ አንድም ቀን አንስተሽልኝ አታውቂም።

በቃ። የቅዳሜውን ልጻፍልሽ።

አስተርጓሚ ይዣለሁ፣ እኛን የማታውቅ ሴት ናት። እኔ አላስተረጉምም፤ ቃልሽን አለሳልስብሻለሁ ብዬ ፈራሁ። ዘመድ ሲያስተረጉም የሚበላሸው በዚህ ነው፣ አንዱ አሥር ደቂቃ አልቅሶ ሲናገር ሌላው «አዝናለሁ ብላለች» ብሎ ያሳጥረዋል። ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረሽ ቁሚ። ስትናገሪ ፊትሽ ወደ ሚጣ ይሁን። አማርኛው ጠፍቶባታል፣ አትቀየሚያት፤ በዚያ ዕድሜ የሄደ ልጅ ቋንቋውን ለመርሳት ዓመት አይፈጅበትም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ እዚያ ሌላ ነው። እኛ ቃሉን ከኦሮሞ ስንወስድ ልጁ ሁለቱንም ቤት የሚያውቅበትን ባህል አስበን ነው፤ የእኛ ሕግም፣ 183ኛው አንቀጽ፣ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውን ትስስር አይበጥስም። በእነሱ ሕግ ግን የወለደ ወላጅ ጉዳይ እዚያው ያልቃል። አንቺ «ትመጣለች» ብለሽ ስትጠብቂ እሷ የሚጠብቃት ሰው እንዳለ አታውቅም ነበር። ይሄን ንገሪያት።

ምርመራውን ከፈቀድሽ ከመጠራረግሽ በፊት 30 ደቂቃ ምንም አትብዪ፣ አትጠጪ። ባልዲ የሚያህል ምራቅ የሚጠይቅ ዓይነት አይደለም፣ ጥጥ የመሰለ ዘንግ ነው፤ በአንዱ ጉንጭ ደቂቃ ያህል ታሽከረክሪያለሽ፣ በሌላው በሌላ ዘንግ። ጫፉን በእጅ መንካት አይገባም። ፍልሰታ መሆኑን አልረሳሁም፤ ግን የስኳሩን ኪኒን ያለ ምግብ ወስደሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አይሆንም፣ ስኳርሽ ይወርዳል። ባለፈው ዓመት ያደረግሽኝን አልረሳሁም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ካልሆነ እኔ እደውላለሁ።

ምግብ ሽሮና የአተር ክክ አልጫ እሠራለሁ፣ በርበሬ ቀለል አድርጌ። ውኃ የታሸገ ነው የምንሰጣት። ቡናውን አንቺ አፍዪልን። አጎቴ እንዳይሰማ፣ ለጎረቤትም አትንገሪ፤ አንድ ሰው ሰምቶ ስልኩን ቢደግንብን ማታውን ቲክቶክ ላይ ነን። ገንዘብ የሚባል ነገር ማንም አያንሳ። በወጪ ጭንቅ እንዳለብን አውቃለሁ፣ ግን አይነሳም። እሷ ራሷ ከዚህ በኋላ ለቢጫ ካርድ፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያው፣ ትሮጣለች፣ የሄደችበትን የድሮ ፓስፖርት ይዛለች፤ ያን እኔ አስጨርሳታለሁ።

ራይድ በሦስት ሰዓት በሩ ላይ ይደርሳል። ሳልደውልልሽ ደረጃውን እንዳትጀምሪ፣ ጉልበትሽ ቆሞ መጠበቅ አይችልም።

የሚጣን የክትባት ካርድ ይዘሽ ነይ። አለ፣ አውቃለሁ። ከፒያሳ ዕቃ ስንጭን ከማርያም ስዕል ጀርባ ተለጥፎ አይቼው መልሼ አስቀምጬዋለሁ። «የእናት ስም» የሚለው ላይ ነርሷ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፈችው ያንቺ ስም ነው። በላስቲክ ጠቅልለሽ ያዢው፣ ዝናብ አለ።

ልጅሽ