ዳታችሁ በክላስተር (እንደ ክፍል ባሉ ቡድኖች) የተሰበሰበ ከሆነ ይቺን አንብቡልኝ
ሰላም ጓዶች፣ ሰሞኑን ከብዙ ክፍል የተሰበሰበ የተማሪ ዳታ ይዛችሁ ተራ ሪግሬሽን ስትሰሩ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች አስተማሪያቸው አንድ ነው፣ ውጤታቸውም ይመሳሰላል፣ ተራው ሪግሬሽን ግን አንዱ ከሌላው ምንም እንደማይገናኝ አርጎ ስለሚቆጥር በተለይ ቫሪያብሉ የክፍሉ ሲሆን (ማስተማሪያ ዘዴ በሉት) ስታንዳርድ ኤረሩ (ግምታችን ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካው) ያለአግባብ ያንሳል።

በቁጥር እንየው፣ 20 ክፍል፣ ከየክፍሉ 20 ልጅ፣ ባጠቃላይ 400፣ አይሲሲው (የአንድ ክፍል ልጆች ውጤት ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚለካው) 0.05 ብቻ ቢሆን፣ ከአንድ ክፍል 20 ልጅ አንድ ቀንሳችሁ 19ኙን በ0.05 አባዝታችሁ 1 ስትደምሩ 1.95 ይመጣል፣ 400ውን ለሱ አካፍሉት፣ ዳታችሁ የሚያክለው እርስ በርስ የማይገናኙ ወደ 205 ሰዎችን ብቻ ነው! ግማሹ ሄደ ማለት እኮ ነው።

ስለዚህ ሚክስድ ሞዴል (በክፍሎች መካከል ያለውን ልዩነትም አብሮ የሚገምት ሪግሬሽን) ተጠቀሙ፣ ለክፍሉ ራንደም ኢንተርሴፕት ስጡት (እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መነሻ ደረጃ ይኖረዋል ማለት ነው)፣ የልጁ የጥናት ሰዓት የሚያመጣው ለውጥ ከክፍል ክፍል ይለያያል ብላችሁ ካሰባችሁ ደሞ ይሄ ለውጥ በየክፍሉ እንዲለያይ የሚፈቅደውን ራንደም ስሎፕ ጨምሩ። ክፍሎቹ 4 ወይ 5 ብቻ ከሆኑ ግን በክፍሎች መካከል ያለውን ቫሪያንስ (ልዩነት) በደንብ መገመት ስለማይቻል ክፍሉን ፊክስድ ማረጉ (ክፍሎቹን እንደ ተራ ቫሪያብል ማስገባቱ) ይሻላል ባይ ነኝ። ሞዴሉ ኮንቨርጅ አላረግ ያላችሁ (ሶፍትዌሩ የተረጋጋ መልስ ላይ አልደርስ ያላችሁ) ካለ አውትፑቱን እዚሁ ላኩት፣ አብረን እናየዋለን።